ውሃ የሚያነሣውና ውሃ የማያነሣው መርዝ

የቤት እመቤት ከገበያ ያመጣችውን ቲማቲም ከዘንቢሏ ስታወጣ፥ በልጡ ላይ ነጣ ያለ ብናኝ ታይ ይሆናል። ብዙዎች አፈር መስሏቸው በልብሳቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ለልጃቸው ይሰጡታል። ነገር ግን ያ ብናኝ ተክሉን ከትልና ከበሽታ ለመጠበቅ በማሳው ላይ የተረጨው መድኃኒት ቅሪት ሊሆን ይችላል። ዐይን የማያየው ቅሪት ደግሞ ከሚታየው ይልቅ ያሠጋል።

ፀረ ተባይ መድኃኒት ለገበሬው ረዳት መሆኑ አይካድም። በመቂና በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ በመስኖ የሚለማው ቲማቲምና ሽንኩርት ያለ እርሱ ብዙ ጊዜ ለተባይ ሲሳይ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ተባዩን የሚገድል ነገር ለሰውም ባዕድ ነው። ከመድኃኒቶቹም አንዳንዶቹ በልጥ ላይ ሲቀሩ፥ ሌሎቹ በሥርና በቅጠል ገብተው ከፍሬው ሥጋ ጋር ይዋሐዳሉ።

የዚህን ሁለተኛ ዓይነት ጠባይ የሚያስረዳ ነገር በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ደርሷል። በሰኔ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1985) አሜሪካውያን የነጻነታቸውን በዓል ሲያከብሩ፥ ሐብሐብ የበሉ ሰዎች ማስመለስ፥ ተቅማጥ፥ ላብና የጡንቻ መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ሲመረመር በፍሬው ውስጥ አልዲካርብ የተባለ መርዝ ተገኘ። ይህ መድኃኒት በአፈር ውስጥ ተጨምሮ በሥር የሚሳብ ሲሆን፥ ለሐብሐብ ከቶ አልተፈቀደም ነበር። ታመምን ያሉት ሰዎች ቍጥር ከ1,000 በላይ ሆነ፤ መንግሥትም የሐብሐብ ሽያጭ አግዶ በገበያ የነበረውን አስወገደ። እነዚያን ሰዎች ሐብሐቡን ደጋግመው ማጠባቸው ባላዳናቸው ነበር፤ መርዙ የነበረው በሚበላው ሥጋ ውስጥ ነውና።

በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ፖም የታተመ ጥናትም ይህንኑ አረጋገጠ። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ፖሙ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲዘፈዘፍ፥ በልጡ ላይ የነበሩት ሁለት መድኃኒቶች ለቀቁ። ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባው ግን በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ውሃ የማያነሣውን መርዝ የሚከላከለው ገበሬው ነው። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከተረጨበት ቀን እስከ ለቀማው ስንት ቀን መቈየት እንደሚገባ ተጽፏል፤ በእነዚያ ቀኖች ፀሐይና ዝናብ፥ ተክሉም ራሱ መድኃኒቱን እየሰባበሩ ያሳንሱታል። ነጋዴው መኪናውን በማሳው ዳር አቁሞ ሲያስቸኵል፥ ትናንት የተረጨውን ዛሬ መልቀም ቀላል ነው። ዳሩ ግን በዚያ ችኰላ የተለቀመው ፍሬ የሚቀርበው ለሕፃናት ጭምር ነው፤ ሕፃን ደግሞ ከሰውነቱ ክብደት ጋር ሲመዛዘን ከዐዋቂ ይልቅ ብዙ ስለሚበላ ጉዳቱ ይብስበታል።

ውሃ የሚያነሣውን ማስወገድ ግን የቤተ ሰብ ፈንታ ነው፤ ስለዚህ፦

1ኛ/ ፍራፍሬና አትክልት በሚፈስ ንጹሕ ውሃ በእጅ እየታሸ ይታጠብ። ቧንቧ በሌለበት ቤት ውሃው በጣሳ እየተቀዳ ይፍሰስበት።

2ኛ/ ብርቱካንና ሙዝ የመሳሰለው ሳይላጥ በፊት ይታጠብ፤ አለዚያ በልጡ ላይ ያለው በእጅና በቢላዋ ወደ ውስጡ ይተላለፋል።

3ኛ/ የጥቅል ጎመንና የሰላጣ የውጭው ቅጠል ይጣል፤ የቀረው ቅጠል በቅጠል ተለያይቶ ይታጠብ።

4ኛ/ በሳሙና አይታጠብ፤ ሳሙናው ራሱ በምግቡ ውስጥ ይቀራልና። በረኪናም የፀረ ተባይ ማስለቀቂያ አይደለም።

5ኛ/ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል።

ይህን ሰምቶ አትክልት መብላትን የሚተው ቢኖር ግን ተሳስቷል። አትክልትና ፍራፍሬ ለሰውነት የሚሰጡት ጥቅም እጅግ ብዙ ነው። የሚያስፈልገው ገበሬው በማሳው ጥቂት ቀን እንዲታገሥ፥ የቤት እመቤቷም በማድቤቷ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሥ ነው። የአንዱ ትዕግሥት የሌላውን አይተካምና፥ ሁለቱም የየድርሻቸውን ይፈጽሙ።