የተማሪዎችን የእርስ በርስ ግንኙነት በሥዕል ማየት፦ በኢንተርኔት ለሚሰጥ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ከተማሪዎቹ መካከል ማን እንደሚናገር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመካከር፣ ማን አንገቱን ደፍቶ እንደሚቀመጥ በዓይኑ ቃኝቶ ለማወቅ ይችላል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ሲሰጥ ግን በፊቱ የሚቀርበው በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደረ የመልእክት ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከረዘመ ውይይቱ የሞቀ ይመስለዋል፤ ዝም ያለው ተማሪ በዝርዝሩ ውስጥ ስለማይገኝ ይዘነጋል።

ይህንን ችግር ለማቃለል የሚረዳው ዘዴ ሶሲዮግራም ይባላል። ጄኮብ ሞሬኖ የተባሉት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ በተማሪዎች መካከል ያለውን መቀራረብ በነጥብና በመስመር አሳይተዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአውስትራሊያ የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ስናፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ እንደ ሙድል ባሉ የማስተማሪያ ሥርዓቶች የሚደረጉትን የጽሑፍ ውይይቶች በዚሁ መንገድ ለመሣል አስችሏል። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ አንዱ ለሌላው ሲመልስ በመካከላቸው መስመር ይሠመራል፤ ምልልሱ ሲደጋገም መስመሩ ይወፍራል።

ለምሳሌ ያህል፣ 20 ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ላይ ሲወያዩ 60 መልእክቶች ቢጻፉ ውይይቱ የተሳካ ይመስላል። ሥዕሉ ሲሣል ግን ከ60ዎቹ 25ቱን መምህሩ ራሱ የጻፋቸው፣ 30ዎቹ ደግሞ ለእርሱ የተሰጡ መልሶች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ተማሪ ለተማሪ የጻፈው 5 ብቻ ነው ማለት ነው። አብዛኞቹ መስመሮች ከመሐል ወደ ዳር እንደ ኮከብ ጨረር ሲዘረጉ፣ ሦስት ነጥቦች ያለ አንዳች መስመር ለብቻቸው ይቀራሉ።

መፍትሔው እንደ ሥዕሉ ዓይነት ይለያያል። ሥዕሉ ኮከብ ከሆነ መምህሩ መልስ ለመስጠት ከመቸኮል ተቆጥቦ ጥያቄውን ወደ ሌላ ተማሪ ማስተላለፍ ይገባዋል። ተማሪዎቹ በማይገናኙ ቡድኖች ተከፋፍለው ከሆነ አባላቱን አቀላቅሎ የጋራ ሥራ መስጠት ይጠቅማል። ብቻውን የቀረውን ተማሪ ደግሞ በግል ጽፎ ወይም ስልክ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ የመብራት መቋረጥ፣ የኢንተርኔት ክፍያ ወይም በሚጽፍበት ቋንቋ አለመተማመን ሊሆን ይችላልና። ስለሆነም ሥዕሉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት መሣል ይኖርበታል። ኮርሱ ካበቃ በኋላ የሚሣል ሥዕል ለሪፖርት ይጠቅም ይሆናል፤ ለቀረው ተማሪ ግን አይደርስለትም።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ማን ለማን እንደጻፈ እንጂ ማን ምን እንደተማረ አይናገርም። ብዙ መስመር ያለው ተማሪ ሰላምታ ሲለዋወጥ የከረመ፣ መስመር የሌለው ደግሞ የሌሎችን ጽሑፍ በጥሞና ያነበበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመስመሮች ብዛት ለማርክ መስጫ መዋል የለበትም፤ መልእክቶቹን ማንበብንም አይተካም።

ፕሮግራሙ በሌለበት ቦታ መምህሩ የተማሪዎቹን ስም በወረቀት ላይ በክብ ጽፎ፣ በቴሌግራም ቡድን የተደረገውን የአንድ ሳምንት ምልልስ በእርሳስ ሊያያይዝ ይችላል። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህንን ልምምድ በማስተማር ዘዴ ኮርስ ውስጥ ቢያካትቱ የሚጠይቀው ወጪ እጅግ አነስተኛ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ከተሣለ በኋላ የማስተማሪያ ዘዴውን ለውጦ ሁለተኛውን መሣልና ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር፣ ለብቻቸው የቀሩት ነጥቦች መስመር ማግኘት አለማግኘታቸውን በግልጽ ያሳያል።