የጠራ ውኃ ሁሉ ለዓሣ አይመችም

በላሊበላ፥ በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ውስጥ፥ ከዐለት የተፈለፈለ አንድ ጥልቅ ገንዳ ይገኛል። በልደት በዓል ልጅ የሚሹ ሴቶች በገመድ ታስረው የሚነከሩበት ይህ ገንዳ ፊቱን አረንጓዴ የለበሰ ነው። ከሩቅ የመጣ ጐብኚ ቁልቁል ተመልክቶ «ቆሽሿል» ማለቱ አይቀርም። ለመጠጥ ይሆናል ብለን አንከራከርም፤ ነገር ግን ውኃ አረንጓዴ የሚሆነው በውስጡ ሕይወት ስላለ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ወደ ሳሎን እናዙር። ዓሣ በመስታወት ገንዳ ማኖር የጀመረ ሰው ገንዳውን አጥቦ፥ ጠጠር አንጥፎ፥ እንደ ብርሌ የጠራ ውኃ ሞልቶ በዚያኑ ቀን ዓሦቹን ይጨምርበታል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ዓሦቹ ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር፤ ቀጥሎም አንድ በአንድ ይሞታሉ። ባለቤቱ የታመመ ዓሣ ሸጠልኝ ብሎ ነጋዴውን ይረግማል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የነጋዴው ሳይሆን የችኰላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ የሚተርፈውን እድፍ በአብዛኛው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። አሞኒያም ቀለም የሌለው መርዝ ስለሆነ ውኃው ጠርቶ እያለ ይገድላል። በተፈጥሮ ኩሬ ይህን መርዝ የሚያጠፉ ደቂቅ ፍጥረታት፥ ማለት ባክቴሪያዎች፥ አሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም የዓሣውን ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ እርሱም መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። የነዚህን ፍጥረታት ሥራ በ1890 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ለይቶ ያስረዳው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩስያ ሊቅ ነው።

እንግዲህ አዲስ ገንዳ የጐደለው እነዚህን ሠራተኞች ነው። እነርሱም እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ብልህ ሰው ገንዳውን ያለ ዓሣ ያስጀምርና በየቀኑ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል እያደረገ ባክቴሪያዎቹን ይቀልባል። በመመርመሪያ ፈሳሽ ሲለካም አሞኒያውና ናይትራይቱ ወጥተው ተመልሰው ባዶ ሲሆኑ፥ ናይትሬት ብቻ ሲቀር፥ ያን ጊዜ ጥቂት ዓሣ ያስገባል።

የአገራችን ባለሙያ ሴት ይህን ምሥጢር ሳይነገራት ታውቀዋለች። እርሾዋ ያለቀባት እንደ ሆነ ከጐረቤቷ ትዋሳለች እንጂ ሊጡ በራሱ እስኪቦካ ተቀምጣ አትጠብቅም። ዓሣ አርቢም ጤነኛ ገንዳ ካለው ወዳጁ የማጣሪያ ስፖንጅ ወይም እፍኝ ጠጠር ቢዋስ ጊዜው ያጥርለታል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ የእንጀራ እርሾ በፈሳሹ ውስጥ ይገኛል፥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በአብዛኛው የሚኖሩት በጠጠርና በስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ አሮጌ ውኃ መቅዳት ብዙ አይጠቅምም።

በላስታ ደጋ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይጨምርበታል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃዋ የሚይዘው ኦክሲጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠረፍ ውኃ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ዓሣውን ማብዛት አይገባም፤ የውኃውንም ፊት በፓምፕ ማናወጥ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። ሁለተኛው ብርዱ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚፈጥኑት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነውና፥ ማሞቂያ ከሌለ ስድስቱ ሳምንት ሊያልፍ እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

ውኃ በእንስራና በጀሪካን ተሸክመው በሚያመጡበት አገር ዓሣ በመስታወት ማኖር ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ትዝብቱ ተገቢ ነው። ደግነቱ ግን ለዓሣው የሚበጀውና ውኃ የሚቆጥበው መንገድ አንድ ነው። ውኃውን ሁሉ ደፍቶ ገንዳውንና ስፖንጁን በሳሙና የሚያጥብ ሰው ውኃውንም ያባክናል፥ ሠራተኞቹንም ይፈጃል። በሳምንት አንድ ጊዜ አምስተኛውን ወይም አራተኛውን እጅ ብቻ መለወጥ ይበቃል። ስፖንጁም በዚያው በተቀዳው አሮጌ ውኃ ይለቅለቅ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ማሳደር ይበጃል። የተቀዳው አሮጌ ውኃ ናይትሬት ስላለበት ለጓሮ ጐመን ማዳበሪያ ይሆናል እንጂ የሚጣል አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ዓሣ ማርባቱ የሰለቸው ሰው የባዕድ አገር ዓሣውን ወደ ወንዝ አይልቀቅ። የላስታ ጅረቶች ወደ ተከዜ ይወርዳሉና፥ በአንድ ቤት የተሠራ ስሕተት ለብዙ አገር ይተርፋል።

በገበያ የመስታወቱም ገንዳ፥ ፓምፑም፥ ዓሣውም ይሸጣል። ስድስቱን ሳምንት ግን የሚሸጥ የለም፤ ይህን ዋጋ ባለቤቱ ራሱ በትዕግሥቱ ይከፍላል። ያልከፈለው እንደ ሆነ ዓሣው በሕይወቱ ይከፍልለታል።