የደም ዓይነቱ አንድ ሆኖ ሳለ «ጠብቁ» የምንባለው ለምንድን ነው?

ሆስፒታል ታማሚ አስተኝቶ ደም የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል። ታማሚው ኦ ፖዘቲቭ ነው፤ የተገኘውም ደም ኦ ፖዘቲቭ ነው። ላብራቶሪው ግን «ገና ነው፣ ትንሽ ጠብቁ» ይላል። ቤተሰብ ይናደዳል። «ዓይነቱ አንድ አይደል እንዴ?»

አዎ፣ አንድ ነው። ግን አይበቃም።

ቀይ የደም ሴሎቻችን ላይ ከኤ፣ ከቢ እና ከአርኤች ሌላ ብዙ ምልክቶች አሉ፤ ኬል፣ ደፊ፣ ኪድ የሚባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚህ በፊት ደም የወሰደ ሰው ወይም አርግዛ የምታውቅ ሴት፣ ሰውነታቸው የራሱ ያልሆነ ምልክት አይቶ አንቲቦዲ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ያ ምልክት ያለበት ደም ድጋሚ ቢሰጥ አንቲቦዲው የተሰጠውን ሴል ያፈርሰዋል። ኩላሊት ሊጎዳ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

ችግሩ፣ ይህ አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ ድብቅ ነው። ሴሉ ላይ ይለጠፋል እንጂ ሴሎቹን እርስ በርስ አያያይዝም። ቱቦውን ቢያዩት ምንም የለም።

መላው የተገኘው በ1945 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሮቢን ኩምብስ፣ አርተር ሞራንት እና ሮበርት ሬስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ ሌላ አንቲቦዲ ከጥንቸል አዘጋጁ። ይህ ሁለተኛው አንቲቦዲ እንደ ድልድይ ሆኖ ሴሎቹን ያገናኛል፤ ያኔ ተሰባስበው በዓይን ይታያሉ። «ኩምብስ ቴስት» የምንለው ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የታማሚው ሴረም ከለጋሹ ሴል ጋር ይደባለቅና 37 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ከዚያ ሴሎቹ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠባሉ። ድልድዩ ይጨመርና በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ይታያል።

እጥበቱን ቀላል አታድርጉት። በደንብ ካልታጠበ የቀረው ሴረም ድልድዩን ቀድሞ ይጨርሰዋል። ውጤቱ «ነጻ ነው» ይላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያው ውጤቱ ኔጌቲቭ ሲሆን፣ አስቀድሞ አንቲቦዲ የተለጠፈባቸውን ሴሎች ጨምሮ የሚያረጋግጠው። እነሱ ካልተሰባሰቡ ምርመራው እንደ አዲስ ይሠራል። እናንተ በር ላይ የምትጠብቁት ይህን ሁሉ ነው። (ሕይወት ለማዳን ደቂቃ የማይሰጥ ከሆነ ሐኪሙ ሙሉው ምርመራ ሳያልቅ ደም እንዲሰጥ ሊወስን ይችላል።)

ምርመራው ለእናቶችም ነው። ሕዝባችን «ሾተላይ» የሚለው፣ ልጅ በተከታታይ የሚሞትበት ችግር አንዱ ምክንያት የእናት አንቲቦዲ የፅንሱን ደም ማፍረሱ ነው። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች ነፍሰ ጡር በኩምብስ ትመረመራለች። አንቲቦዲ ገና ካልሠራች አንቲ ዲ መርፌ ይከላከልላታል፤ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። አንዴ ከሠራች በኋላ ግን መርፌው አይመልሰውም።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ደም ከመውሰዳችሁ በፊት እነዚህን ሳትጠየቁም ተናገሩ፦

✔ ከዚህ በፊት ደም ወስዳችሁ ከሆነ፣ ያኔም ትኩሳት ወይም ሌላ ችግር ገጥሟችሁ ከሆነ
✔ እርግዝና ወይም ውርጃ ከነበረ
✔ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ
✔ ናሙና ሲወሰድ ቱቦው ላይ የተጻፈው ስም የታማሚው መሆኑን እዩ

«ጠብቁ» ያለው ባለሙያ እያጓተተ ላይሆን ይችላል። ለሚጠቅማቸው አጋሩ።