«አራት ዓመት ምን ተማርኩ?»

ዕውቀት መፈለግ በየቤታችን የሚወደስ ነገር ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ወረቀት በእርግጥ ዕውቀት መሆኑን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

የእህቴ ልጅ በኮምፒዩተር ሳይንስ በጥሩ ውጤት ተመርቃ ለሥራ ፈተና ቀረበች። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ከቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ሲደመሩ የተባለውን ድምር የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች መኖራቸውን ማረጋገጥ። እያንዳንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር እየደመረ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጻፈች። ፈታኙ «ቁጥሮቹ 100,000 ቢሆኑስ?» ሲላት ግን መልስ አጣች። ማታ ቤት መጥታ «አጎቴ፣ አራት ዓመት ምን ተማርኩ?» ብላ አለቀሰች።

ደብተሮቿን አስመጥቼ አየሁ። የ«አልጎሪዝም» ትርጉም በሚያምር ጽሑፍ ሰፍሮ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ፕሮግራሞቹ ከመምህሩ ማስታወሻ የተገለበጡ ናቸው፤ ፈተናውም በወረቀት ላይ ነበር። የጻፈችው በትክክል መሥራቱን ማንም አላየላትም። መምህሮቿን ልወቅስ ስል እኔም የሒሳብ አስተማሪ መሆኔ ትዝ አለኝ። ቀመር አሸምድጄ ስንቱን አሳልፌያለሁ?

ጥያቄው እንዴት ይፈታል?

ከ100,000 ቁጥሮች አምስት ቢሊዮን ያህል ጥንድ ይወጣል፤ ሁሉንም መፈተሽ አድካሚ ነው። ይልቁንስ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደርድራቸው። አንዱን ጣት በትንሹ፣ ሌላውን በትልቁ ቁጥር ላይ እናድርግ። ድምሩ ከተፈለገው ከበለጠ የላይኛውን ጣት ወደ ታች፣ ካነሰ የታችኛውን ወደ ላይ እናንቀሳቅስ። መደርደሩ ተጨምሮ እንኳ ሥራው በሁለት ሚሊዮን ያህል እርምጃ ያልቃል።

ወጣቶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚፈቱባቸው ውድድሮች አሉ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. በ1989 በቡልጋሪያ ተጀመረ። አይሲፒሲ በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ደግሞ ሦስት ተማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር ይዘው አምስት ሰዓት ይሠራሉ። የተጻፈው ፕሮግራም በተደበቁ ጥያቄዎች ይፈተሻል፤ ከተሳሳተ ወይም ከተፈቀደለት ጊዜ ካለፈ አይቀበሉትም። ኮድፎርስስን በመሳሰሉ የልምምድ ገጾች ማንም በነፃ ሊሞክር ይችላል።

እኛም በየማታው አንድ ጥያቄ መሞከር ጀመርን። አንድ ቀን ገንዘብን በጥቂት ሳንቲሞች መዘርዘር ነበር። «ትልቁን ሳንቲም አስቀድሞ መውሰድ ነዋ!» ብለን ጻፍን፤ ደጋግሞ ተመለሰብን። በመጨረሻ በእጃችን ሞከርነው። ባለ 1፣ ባለ 3 እና ባለ 4 ሳንቲሞች ቢኖሩና 6 ቢፈለግ፣ በኛ መንገድ 4፣ 1 እና 1 ሦስት ሳንቲም ይሆናል፤ ሁለት ባለ 3 ግን በቂ ነበር። እርግጠኝነታችን ማስረጃ አልነበረውም።

ይህ አሠራር እንግዳ አልሆነብኝም። መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን አንዲት ፊደል ስናበላሽ ያስቆሙን ነበር፤ ሳናስተካክል ወደሚቀጥለው አንቀጽ አያሳልፉንም። ስልሳ ከመቶ አምጥቶ ማለፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ራሱ በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ከሠራው ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው። ይህ ዓሊም ስለ አል-ጀብር በጻፈው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ጥያቄዎች ነው። ሒሳቡን ያስተማረው ሰው በሚቸገርበት ጉዳይ ላይ እየሠራ ነበር።

ውድድር ብቻውን ሙሉ ባለሙያ አያደርግም። በውድድር የተጻፈ ፕሮግራም በዚያው ቀን ይረሳል፤ ለዓመታት የሚያገለግል ሥራ መሥራት፣ ሌላው የጻፈውን ማንበብና ተጠቃሚን ማዳመጥ ሌላ ትምህርት ነው። ሶላትና እንቅልፍ እስኪረሳም ድረስ መሆን የለበትም።

የእህቴ ልጅ ገና ሥራ አላገኘችም። ነገር ግን አዲስ ጥያቄ ሲመጣ «ቆይ፣ በትንሽ ቁጥር በእጄ ልሞክረው» ትላለች። ይህን በአራት ዓመት ውስጥ ማንም አላስለመዳትም ነበር።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ውጤቱን ሲያሳያችሁ «ስንት አመጣህ?» ብላችሁ አትለፉት። «የተማርከውን እስቲ አስረዳኝ» በሉት። እኛ አስተማሪዎችም ተማሪዎቻችንን ይህንኑ እንጠይቅ። ወቢላሂ ተውፊቅ።