በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር የማስታወቂያ ሥራ

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አበው። ነገሩ የሹመት ፈላጊው ብቻ አይደለም፤ ልብስ ሰፊውም፣ ጫማ ሻጩም፣ ስልክ ጠጋኙም ያለውን ካላሳወቀ ደጁን የሚረግጥለት የለም። በቀድሞው ዘመን መንግሥት ፈቃዱን ለሕዝብ የሚያሰማው ነጋሪት በማስጎሰምና በገበያ ቀን አዋጅ በማስነገር ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ከነጋሪት ነው። ነጋዴው ግን ነጋሪት አልነበረውም፤ የነበረው የገዛ ድምፁ ነው።

ይህ ድምፅ ዛሬም አልጠፋም። በመገናኛ የሚያልፍ ሰው የታክሲ ረዳቱን ጥሪ ከጧት እስከ ማታ ይሰማል። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከሾላ፣ ከኮተቤና ከጉርድ ሾላ የሚመጡት መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የከተማ ባቡርም በዚያው ያልፋል። ስሙ ግብሩን የሚመስል ሰፈር ቢኖር ይኸው ነው። ታዲያ ሕዝብ እንደ ጎርፍ በሚያልፍበት በዚህ ስፍራ፣ በሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ገበያ አጣሁ ብሎ የሚያዝነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ መንገደኛው እሱ እዚያ መኖሩን አያውቅም።

ትልልቆቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች ለባንኩና ለፋብሪካው ይሠራሉ፤ የልብስ ሰፊው ጉዳይ ግን አይጥማቸውም፤ ከእርሱ የሚያገኙት ለድካማቸው አይበቃም። እኛ በቅርቡ ከዩኒቨርስቲ የወጣነው ወጣቶች የሥራ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ቆመን ስንጠብቅ፣ ይህ ክፍት ቦታ ከፊታችን አለ። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የማስታወቂያ ሥራ ሲባል የሚታየን በትልቅ ብረት ላይ የተሰቀለው ቢልቦርድ ስለሆነ፣ ገንዘብ የለንም ብለን እንመለሳለን።

የሙያው ታሪክ ግን የሚያሳየን ሌላ ነው። ዊልያም ካክስተን የተባለው እንግሊዛዊ አታሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1477 ያወጣት ማስታወቂያ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ብጣሽ ወረቀት ነበረች። ለካህናት የሚሆን መጽሐፍ በዌስትሚንስተር በርካሽ ዋጋ እንደሚገኝ ትናገራለች፤ ከግርጌዋም ማንም እንዳይነቅላት በላቲን ቋንቋ ትለምናለች። በእንግሊዝ አገር በማተሚያ መኪና የታተመው ማስታወቂያ የጀመረው ከዚች ብጣሽ ነው።

እንግዲህ ይህን በመገናኛ ዋጋ እናስላው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ከማተሚያ ቤቱ ተጠይቆ ይታወቃል። ሁለት ወጣቶች አንዲት እጥፍ ወረቀት ለማውጣት አሰቡ እንበል። አሥራ ሁለት ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 600 ብር ቢከፍሉ 7,200 ብር ይሆናል። ሁለት ሺህ ቅጂ በሁለት ሁለት ብር ሲታተም 4,000 ብር፣ ለአዳዮች 1,200 ብር፣ ለመጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ 500 ብር፣ በድምሩ 5,700 ብር ይወጣል። ትርፉ 1,500 ብር ነው። ነጋዴዎቹ ግማሹን በቅድሚያ ከሰጡ 3,600 ብር በእጅ ይገባል፤ ስለዚህ ከወጣቶቹ ኪስ የሚፈለገው 2,100 ብር ብቻ ነው። ይህንንም ዕቁብ ሊሸፍነው ይችላል።

ነገር ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው መመልከት ያስፈልጋል። ከአሥራ ሁለቱ ነጋዴዎች አምስቱ «ገበያ አላመጣልኝም» ብለው ቀሪውን 300 ብር ቢነፍጉ ትርፉ በሙሉ ይጠፋል። እንግዲያውስ የዚህ ሥራ ዋና አደጋ የገንዘብ ማነስ አይደለም፤ የመታመን ማነስ ነው። ነጋዴው የገዛው ወረቀት ሳይሆን ተስፋ ነው፤ ተስፋውም እውነት መሆኑን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

ማሳያው መንገድ ከባድ አይደለም። በወረቀቱ ጥግ ላይ የሱቁ ምልክት ያለባት ቁራጭ ትታተማለች፤ ቁራጯን ይዞ የመጣ ደንበኛ መጠነኛ ቅናሽ ያገኛል፤ ነጋዴው ቁራጮቹን በሣጥን ያጠራቅማል። በወሩ መጨረሻ ሣጥኑ ሲከፈት ክርክር አይኖርም። ሃያ ቁራጭ ከተገኘ ሃያ ሰው መጥቷል፤ ምንም ካልተገኘም እውነቱን ተቀብሎ የሚቀጥለውን ወረቀት ማሻሻል ይገባል። ሁለት ሺህ ቅጂ አሳትማለሁ ብሎ አንድ ሺህ ያሳተመ ሰው በሩቅ አገር ሳይታወቅበት ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ በመገናኛ ግን በማግሥቱ ከደንበኛው ጋር በታክሲ ሰልፍ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛል። የሰፈር ማስታወቂያ ከትልቁ የሚለይበት ነገር ይህ ነው፤ ዋሽቶ መሰወሪያ የለውም።

ዛሬ ቴሌግራም ሳለ ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ቴሌግራም መልካም ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ዳሩ ግን መልእክቱ ከጦር ኃይሎች እስከ አያት ለተበተነ ሰው ሲደርስ፣ ልብስ ሰፊው የሚፈልገው ከሕንፃው ሥር የሚያልፈውን ነው። ሁለቱን አስተባብሮ መሥራት እንጂ አንዱን መናቅ አይበጅም።

ሕጉንም ማወቅ ያሻል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ቢልቦርዱን ብቻ ሳይሆን ባነሩን፣ ፖስተሩን፣ ስቲከሩን፣ በራሪ ወረቀቱንና የድምፅ ማጉያውን ጭምር የውጭ ማስታወቂያ ብሎ ይቆጥራል፤ ማስታወቂያ ሁሉ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆንም ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የትምባሆን ማስታወቂያ ከልክሏል፤ በአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ላይም ገደቡን አጥብቋል። ስለዚህ «ትንሽ ወረቀት ናት» ተብሎ የንግድ ፈቃድን መዘንጋት፣ ወይም ወረቀቱን በሌሊት በየምሰሶው መለጠፍ አይገባም። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የቦሌንና የመገናኛን መንገድ ዳር መልክ ከለወጠው ወዲህ፣ በየምሰሶው የተለጠፈ ወረቀት ገበያ ከማምጣት ይልቅ ጸብ ያመጣል።

በመጨረሻም በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉት ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የሚያድስ ሹም ከሰዓት በኋላ ዞሮ ያንኑ ነጋዴ «ማስታወቂያ አውጣ» ቢለው፣ ነጋዴው እምቢ ለማለት አይደፍርም። የሚከፍለውም ስለ ማስታወቂያው ሳይሆን ስለ ፍርሃቱ ነው። ይህ ንግድ አይባልም፤ ጉቦ ነው። ከወንበሩ የማይለይ ሰው ይህን ሥራ ለሌላው ይተውለት።

ወንበር ለሌለው ግን መንገዱ ክፍት ነው። የሚያስፈልገው ከየፎቁ ወጥቶ ወርዶ ማን ምን እንደሚሸጥ መጠየቅ፣ ማን በምን ሰዓት እንደሚያልፍ መቁጠር፣ የተናገሩትንም መፈጸም ነው። ገንዘቡ ቢጠፋ በዕቁብ ይተካል፤ በአንድ ሰፈር የጠፋን ስም ግን የሚተካ ዕቁብ የለም።