በአርባ ምንጭ ስለ ተደረገው የዜማ በዓልና ብቻውን ስለማይዘፈነው ዘፈን

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ፥ በአርባ ምንጭ ከተማ በታኅሣሥ ወር የደቡብ ሕዝቦች የዜማና የጭፈራ በዓል መደረግ ጀምሮ ነበር። ስሙም የሺህ ኮከቦች ፌስቲቫል ተባለ። አዘጋጁ በጉጌ ተራራ ስም የተጠራ፥ ያገር ተወላጆች ያቋቋሙት የኪነ ጥበብና የሙዚቃ ማኅበር ሲሆን፥ ክርስተንሰን ፈንድ የተባለው የውጭ አገር ድርጅት በገንዘብ ረድቶታል። ዶርዜው ከደጋ ወርዶ፥ ኮንሶው ከእርከኑ፥ ሐመሩና አሪው ከኦሞ በኩል መጥተው በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ስለዚህ በዓል በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያሰብነው፥ ያን ጊዜ በመድረክ ላይ የታየው ሁሉ ከቤት የወጣ፥ የሚኖረውም በቤት ልጆች ስለ ሆነ ነው።

ቦታውን ላላየ አንባቢ፥ አርባ ምንጭ ስሙን ያገኘው ከከተማው በታች ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። የጋሞ ጎፋ አገረ ገዥ መቀመጫ አስቀድሞ በጨንቻ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ከከተማው ፊት ለፊት አባያና ጫሞ ተኝተዋል፤ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን ጠባብ የምድር ወገብ ያገሬው ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ሙዝ ከሚበቅልበት ከዚህ ሙቀት ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን አቀበት ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው፥ ጉም የሚጋርደው፥ እንሰትና ቀርከሃ የሞላበት ሌላ አገር ያገኛል። ከዚያም ወዲያ ጉጌ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በቀርከሃ ተፈትሎ የሚሠራው የዶርዜ ቤት፥ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ የሚመስለው፥ በዚህ ደጋ ነው።

የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ አንዱ ይመራል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ይህስ በየአገሩ ያለ ነው። ነገር ግን ተቀባዮቹ አንድ ድምፅ አይደሉም። አንዱ ወገን ዝቅ ባለ ድምፅ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ከላዩ ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ በመካከል እየገባ ይመልሳል፤ ይህም ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን፥ በአቋቋም ጊዜ የቀኝና የግራ ወገን ተራ በተራ ሲቀባበሉ ሰምተናል፤ ሁሉም ግን የሚሄዱት በአንድ የዜማ መንገድ ነው። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አራት ድምፅ ያለውን መዝሙር ከመጽሐፍ እያየን ስንማር፥ እንዲህ ያለው ጥበብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ መሰለን። ኖታ አይቶ የማያውቅ የደጋ ሸማኔ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ ሲያደርግ በሰማን ጊዜ ስለ ራሳችን ጥቂት አፈርን። ከእኛ ቀድሞ በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሊቅ ነገሩን አስተውሎ፥ የዶርዜን ዘፈን ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል። ሸክላው በፓሪስ ሲሰማ፥ በአዲስ አበባ ያለን ብዙዎቻችን ዶርዜን የምናውቀው በጋቢው ብቻ ነበር።

ከዶርዜ በስተ ደቡብ የሚኖሩት ደራሼዎች ፊላ የሚባል የቀርከሃ እንቢልታ አላቸው። ነፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ቀርከሃ ርዝመት ልዩ ልዩ ስለ ሆነ የሚሰጠውም ድምፅ ልዩ ነው። አንዱ ነፍቶ ሲያበቃ ሌላው በቦታው ይገባል፤ ዜማው ከሁሉም ተሰብስቦ ይፈጠራል። ከዚያ መካከል አንድ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ ቢሄድ፥ ዜማው አብሮት አይሄድም።

ነገሩ የሚያሳስበን በዚህ ላይ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ከወገኖቹ ተለይቶ አንድ ብቻውን ቢቀር እንኳ ዘፈኑን ለልጁ ያወርሳል። የዶርዜን ዘፈንና የደራሼን ፊላ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርስ አይችልም። ድምፃቸውን የሚያውቁ ጎረቤቶች በተበተኑ ጊዜ፥ ማንም ሳይሞት ዘፈኑ ይሞታል።

ታዲያ በዓሉ ለዚህ ረድቶ ነበርን? በአንድ ወገን አዎን። የኮንሶ ወጣት የዶርዜን ሽማግሌ ሲዘፍን ያየበት፥ ያገሩ ልጅ የሚያፍርበት ልብስ በእንግዳ ፊት የተከበረበት ቀን ቀላል አይደለም። በኬንያም፥ የኛው የኦሞ ውሃ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ዳር፥ በሎይያንጋላኒ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የ14 ነገዶች በዓል ሲደረግ፥ ከብት ሲዘራረፉ የኖሩ ሰዎች ባንድ ሜዳ ጨፍረዋል። በሌላው ወገን ግን መድረክ የራሱ ጠባይ አለው። ለመድረክ የሚመረጡት ጥቂት ናቸው፤ ሰዓቱም በደቂቃ ይቆጠራል። ለልቅሶ ወይም ለመስቀል የሚሆነው ዘፈን፥ በመንደር ሌሊቱን ይፈጅ የነበረው፥ ተቆርጦ ለጭብጨባ ይቀርባል። ሕፃናትም ከገመድ ወዲያ ቆመው ያያሉ። እንዲህ ያለ በዓል ለማሰናዳት የሚያስብ ሹም ቢኖር፥ ከእያንዳንዱ ሽማግሌ አጠገብ አንድ ልጅ ተቀምጦ የዚያን ሽማግሌ ድምፅ እንዲይዝ ቢያደርግ፥ ለሰንደቁና ለድንኳኑ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ይጠቅማል እንላለን።

የጋሞ ሸማኔ ጥቂቱ አይደለም ከአገሩ ወጥቶ የሚኖረው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ በኩል ያለፈ ሰው የመወርወሪያውን ድምፅ ያውቀዋል። ሸማውም እንደ ዘፈኑ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ሴቲቱ ጥጡን አባዝታ በእንዝርት ትፈትላለች፥ ልጅ ቀሰም ያጠነጥናል፥ ባል እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ ይሠራል። ቀይ፥ ቢጫና ጥቁሩ ዱንጉዛ የሚወጣው ከዚህ ነው። (በዚህ አጋጣሚ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። በዘመድነት ስም ከጋሞ ደጋ እየተወሰዱ፥ ትምህርት ቤት ሳይላኩ ከንጋት እስከ ምሽት በሸማ ጉድጓድ የሚቀመጡ ልጆች መኖራቸው የታወቀ ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ከልክሏል። አባት ለልጁ እጅ ሥራ ማስተማሩ ሌላ፥ የሰው ልጅ ወስዶ ማሠራት ሌላ ነው።)

እነዚህ በየከተማው የተበተኑ ሸማኔዎች የሚሰበሰቡት በመስከረም፥ ዮ መስቀላ በሚሉት በዓላቸው ነው። አዲስ ዓመታቸውም ይኸው ነው። ያን ጊዜ ጨንቻ ይሞላል፤ የተጣላ ሳይታረቅ ከማዕድ አይቀርብም፤ አዲስ ሙሽሮች ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው በገበያ ይታያሉ። ከተማ የተወለደው ልጅ ያያቱን ድምፅ የሚሰማው በዚያ ሳምንት ነው፤ አባቱ በመንገዱ ወጪ ምክንያት ያስቀረው እንደሆነ ግን ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።

በቤት የተማረ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ሰዎች ተገደሉ፥ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ የጋሞ ተወላጆችም ነበሩባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ ተቆጥቶ ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። እኛ በፍርድ ቤት ብዕር ይዘን የኖርን ሰዎች ይህን በሰማን ጊዜ፥ ስንት መዝገብ ሳይከፈት እንደ ቀረ እናስብ ነበር። ላላደገበት ሰው ሣሩ ሣር ነው። ለእነዚያ ወጣቶች ግን ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድ ጎሜ፥ ማለት ነውርና ርግማን፥ መሆኑን ከልጅነታቸው በቤታቸው የሰሙት ነበር። ስለዚህ ቆሙ፤ ከዚያም ወደየቤታቸው ተመለሱ።