ሹክ ልበላችሁ፦ ሦስተኛው ቴአትር ገና አልተወሰነም

የቴአትር ቡድናችን የመጪው ዓመት ፖስተር በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ መደብሮችና ምግብ ቤቶች በር ላይ ሊለጠፍ ጥቂት ቀርቶታል። ሦስት ቴአትር እናሳያለን ይላል። የሁለቱ ርዕስ በጉልህ ተጽፏል፤ በሦስተኛው ቦታ ግን የምታነቡት «በቅርብ ቀን ይጠብቁ» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ያደረግነው ተመልካች ለማጓጓት ብለን አይደለም። ሦስተኛው ቴአትር የሚወሰነው በገቢ ማሰባሰቢያ ምሽታችን በሚገኘው ገንዘብ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የምንሠራ ሁላችን ይህን እናውቃለን፤ እናንተም ከምሽቱ በፊት ብታውቁት ይሻላል።

ከተወሰነው ልጀምር። ዓመቱን የምንከፍተው በመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ነው። ኮሚቴው በዚህ ምርጫ ላይ አምርሮ ተከራክሯል። አንዱ ወገን «የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን አገባ አላገባ፣ እዚህ አገር ለተወለደ ልጅ ምኑ ነው?» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ዘመድ ከመረጠለት ይልቅ ልቡ የወደዳትን ላግባ ብሎ ሲሟገት፣ ይህ ክርክር በየትኛው ቤታችን ነው የማይሰማው?» ሲል መለሰ። ሁለተኛው ወገን ረታ። እኔም በዚያ በኩል ነበርኩ። መንግሥቱ ራሱ ለንደን ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ ተምሮ በመጣው ልጅና በወግ አጥባቂው ዘመድ መካከል ያለውን ፍጥጫ ሲጽፍ ሁለቱንም ወገን ከውስጥ ያውቃቸዋል። ንባቡ በተጀመረበት ቀን ከልጆቻችን ጋር የመጡ እናቶች ጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ፣ አንዳንዶቹ ከወግ አጥባቂው ዘመድ ጋር፣ አንዳንዶቹ ከወጣቱ ጋር ወግነው መከራከር ጀመሩ። አዘጋጁ አላስቆማቸውም፤ ያሉትን በማስታወሻው ያዘው።

ሁለተኛው የልጆቻችን ዝግጅት ነው። መነሻው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ተምረው የተመለሱ፣ ቴአትርን በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው የጊዜውን አስተዳደር የሚነቅፍ ጨዋታ ጻፉ፤ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ታየ፤ መኳንንቱ ተቆጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው አንዷ «ስለ እንስሳት የሚያወራ ተረት እንዴት ያስከለክላል?» ብላ ጠየቀች። የልጆቹ ዝግጅት በሙሉ ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ እንስሳ መርጦ፣ ፊት ለፊት ሊናገር የማይደፍረውን ነገር በዚያ እንስሳ አፍ ጽፏል። ፊደል የማያነቡት ቃለ ተውኔታቸውን በላቲን ፊደል ጽፈው ነው የሚያጠኑት፤ ንግግራቸው ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። መጋረጃው ሲከፈት አያቶቻቸው ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ወንበር እንይዝላቸዋለን።

አሁን ወደ ሹክሹክታው። ለሦስተኛው ቦታ የታጨው በሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን የተተረጎመው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ነው። ለምን እንደተመረጠ አስቡት። «ያላቻ ጋብቻ» ዘመድ ያልወደደውን ጋብቻ በሳቅ ያሳያል፤ «ኦቴሎ» ያንኑ ጉዳይ እስከ ሞት ይወስደዋል። ደግሞም ኦቴሎ በሰው አገር ጀግና ተብሎ የሚከበር፣ የአገሬውን ልጅ ሲያገባ ግን ባዕድነቱ የሚታወሰው ሰው ነው። በስደት የሚኖር ተመልካች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ግን «ኦቴሎ» ከባድ ነው። ተዋናዩ ብዙ ነው፤ አልባሳቱ ከሰው ቁም ሳጥን የሚገኝ አይደለም፤ የፀጋዬ አማርኛም ትንፋሽ ይጠይቃልና የጥናቱ ጊዜ ከሌላው ይረዝማል። ገንዘቡ ካልተገኘ ሦስተኛው ምሽት በሁለት ወንበርና በአንድ መብራት የሚታይ ትንሽ ሥራ ይሆናል። ትንሽ ሥራ አያሳፍርም፤ ደክመንበት በደስታ እናቀርበዋለን። ነገር ግን ከባልደረቦቻችን አንዱ ሚናው ይሰጠው አይሰጠው ሳያውቅ የ«ኦቴሎ»ውን ተንኮለኛ የኢያጎን ቃል በስልኩ ቀድቶ፣ ታክሲ እየነዳ ተሳፋሪ በሌለ ሰዓት እያጠና ነው። ይህን የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን።

ብዙ ሰው «አዳራሹ ሞልቶ እያየን ገንዘብ እንዴት ያጥራችኋል?» ይለናል። ምክንያቱ ወጪው ከፊት፣ ገቢው ከኋላ መሆኑ ነው። የአዳራሹ ቀብድ የሚከፈለው ገና ጥናት ሳይጀመር ነው፤ አዳራሹም የመድን ዋስትና ወረቀት ሳያይ ቁልፍ አይሰጥም። የመብራትና የድምፅ ባለሙያ ቀኑን የሚይዝልን በቅድሚያ ክፍያ ነው። የደራሲ መብትም አለ፦ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ደራሲው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መንግሥቱ ለማ ያረፈው በ1980 ዓ.ም.፣ ፀጋዬ በ1998 ዓ.ም. ስለሆነ የሁለቱንም ወራሾች ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ተዋናዮቻችን ደመወዝ የላቸውም። ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች ናቸው፤ ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ ጥናት ይመጣሉ። የቲኬት ገንዘብ በር ላይ ሲሰበሰብ ይህ ሁሉ ተከፍሎ አልቋል።

ምሽቱ ምን ይመስላል? ምግቡን የሚያዘጋጁት የተዋናዮቹ ቤተሰቦች ናቸው። ልጆቹ ከጨዋታዎቻቸው ሁለቱን ያሳያሉ፤ ከ«ያላቻ ጋብቻ»ም አንድ ትዕይንት ይቀርባል። ከዚያ ጨረታው ይቀጥላል፤ ቃል መግባቱ ይከተላል። ከውስጥ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ፦ በሞቅታ የተገባ ትልቅ ቃል ሳይከፈል ሲቀር ዕቅዳችንን ያፈርሰዋል፤ በየወሩ የሚከፈል ትንሽ ቃል ግን ተቆጥሮ ይታቀድበታል። የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምር ከሆነ ቅጹን ይዛችሁ ኑ። ለግብር ቅናሽ የሚታሰበው የከፈላችሁት ሁሉ አይደለም፤ ከራቱ ወይም በጨረታ ካገኛችሁት ዕቃ ዋጋ በላይ ያለው ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋልና ሳትቀበሉ አትሂዱ።

መድረክ ለእኛ ከጥንትም የመዝናኛ ቦታ ብቻ አልነበረም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት ሲቋቋም የፋሺስት ጦር ድንበር ላይ ነበር፤ ማኅበሩ የተነሣው በንግግር፣ በመዝሙርና በጨዋታ ሕዝቡን ለአገሩ ለማነሣሣት ነው። ዛሬም ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ልጆቹን በቋንቋቸው አስቆ፣ በቋንቋቸው አስለቅሶ የሚያሳድግበት መድረክ ሊኖረው ይገባል። ያን መድረክ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

ስለዚህ ቲኬቱን በር ላይ አትጠብቁ፤ አሁን ግዙ። በሰዓቱ ኑ፤ የመጀመሪያውን ትዕይንት የሚያቀርቡት ልጆቹ ናቸውና ባዶ ወንበር አይጠብቃቸው። ቃል ከገባችሁ የምትከፍሉበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ኮሚቴው ከምሽቱ በኋላ ተሰብስቦ የሚቆጥረው የገባውን ገንዘብ ነው፤ በፖስተሩ ላይ በባዶው ቦታ የሚጻፈውም በዚያ ይወሰናል።